ጉልበቱ ዝም ያለ ሰሞን

ቄራው ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው የሰዓት ተቆጣጣሪው ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ «አንካሴ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ቆዳ ገፋፊዎቹ ናቸው። አንካሳ ብለው እንዳይጠሩት እጁን ፈሩና መጨረሻዋን ፊደል ለውጠው የጦር ብረት አደረጉት። እሱም ነገሩ ገብቶት ስቆ ተቀበላቸው። አንድ አዲስ ጫኝ ሳያውቅ ዋናውን ቃል ቢጠራው ጊዜ ግን፣ ከተቀመጠባት ዱካ ሳይነሳ ያጥበው የነበረውን የበሬ አንጀት እንደ ጅራፍ ጠቅልሎ ፊቱ ላይ አሳረፈበት። ሰውዬው ሁለት የፊት ጥርሱን ከእበቱ ጋር ተፋ። ያየ ሁሉ «ተዉት፣ ሕመሙ ነው» አለ።

ሕመሙ ነው። አስር ዓመት ሙሉ ስለ እሱ የተነገረው ይኼው ነበር። ከአለቃ ጋር ሲጣላ፣ ሳህን ሲወረውር፣ የጎረቤትን ውሻ በድንጋይ ሲፈነክት፣ ሚስቱ ደጅ ወጥታ ለጎረቤቱ «ክፉ ሆኖ መሰላችሁ? ሕመሙ እኮ ነው» ትላለች። እሱም አምኖበታል። ጉልበቴ ቢተወኝ እኔም ሰው እሆናለሁ ይል ነበር።

ጉልበቱን የሰበረው ታላቅ ወንድሙ ነው።

አባታቸው የሚማታ ሰው ነበር። ሲጠጣም ይማታል፣ ሳይጠጣም ይማታል። እናታቸውን በቀበቶ ዘለበት ሲላት አንድ ጆሮዋን ደፍኖታል። አንካሴ ያን ጊዜ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ፣ በቄራው አንደኛ ቆዳ ገፋፊ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ሲወጣ እናቱ ዐይኗ አብጦ፣ ግድግዳ እየተደገፈች ውኃ ስትቀዳ አገኛት። ወደ ቄራው ተመለሰና ሥጋ የሚሰቀልበትን መንጠቆ ይዞ መጣ። አባቱ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ነበር። መንጠቆውን አንስቶ ከአናቱ በላይ ሲያደርሰው፣ ታላቅየው ከጓሮ የፌሮ ብረት ይዞ ገባና ጉልበቱን ከጎን መታው። አጥንቱ ሲሰበር የጮኸው ጩኸት እስከ መንገድ ተሰማ። አንካሴ መሬት ላይ ወድቆ ሲንፈራፈር ወንድሙ ከላዩ ቆሞ፣ ፌሮውን እንደያዘ፣ እያለቀሰ አንድ ነገር ብቻ አለው፦

«ዕድሜ ልክህን ከምትታሰር አንክስ!»

ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለቱ አልተነጋገሩም። እናታቸው ስትሞት በሁለት ጫፍ ቆመው ቀበሯት። አባትየውን ግማሽ ጎኑ ሽባ ሲሆንበት ታላቅየው ወደ ቤቱ ወስዶ ያስታምመው ጀመር። አንካሴ ይህን ሲሰማ ምራቁን ተፋ።

ጉልበቱ ሁለት ጊዜ ተቀደደ፣ ሽቦ ገባበት፣ ሽቦው ወጣ። አጥንቱ ገጠመ፤ ሕመሙ ግን ቀረ። አንሶላ ሲነካው ያመዋል። ደረጃ የሚወርደው እንደ ሕፃን ወደ ኋላ ዞሮ ነው። ከቆዳ ገፈፋ አውርደው አንጀት አጣቢ አደረጉት፤ ያ ደግሞ ከሕመሙ ይልቅ ቆረቆረው።

አንድ ቀን ጉልበቱን የሚታይበት ሆስፒታል ዶክተር አስጠራችው። ቀጭን፣ ፈጣን ተናጋሪ፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ የምትፈልግ ሴት ናት። አዲስ መድኃኒት እየሞከሩ ነበር።

«ስማኝ» አለችው፣ «ሰውነትህ የሚያመርተው አንድ ነገር አለ። ከሆርሞን ይቀራረባል፤ እኛ የነርቭ አሳዳጊ እንለዋለን። እናትህ ሆድ ውስጥ ሳለህ ነርቮችህን ያሳደጋቸው እሱ ነው። ካደግህ በኋላ ሥራው ሌላ ሆነ። አካልህ ሲቆስል ቁስሉ ላይ ይፈስና ነርቮቹን ‹ንቁ፣ ጩኹ› ይላቸዋል። እነሱም ይጮሃሉ። ያ ነው ሕመም የምትለው።»

«ቁስሌ ከዳነ አስር ዓመቱ እኮ ነው።»

«አልዳነም። አጥንቱ ገጠመ እንጂ መጋጠሚያው ተበልቷል። ስለዚህ አሳዳጊው እስከ ዛሬ መፍሰሱን አልተወም፤ ነርቮችህም ከመጮህ ብዛት ተበላሽተው ላባ ሲነካቸው እንኳ ቢላዋ ይመስላቸዋል። መርፌው ያንን አሳዳጊ ከደምህ ውስጥ እየለቀመ ያስረዋል።»

አንካሴ ሳቀ። «ያሳደገኝ ነው እንግዲህ የሚያሳምመኝ?»

«ምን ያስቃል?»

«ምንም። የማውቀው ነገር መስሎኝ ነው።»

ዶክተሯ አልሳቀችም። መነጽሯን ከፀጉሯ አውርዳ ትክ ብላ አየችው። «አሁን የምልህን በደንብ ያዝ። ሕመሙ ዝም ሊል ይችላል። ዝም አለ ማለት ጉልበትህ ዳነ ማለት አይደለም። ከባድ ነገር አትሸከምም፣ አትሮጥም፣ አትዘልም። ትንሽ እብጠት ካየህ በዚያው ቀን ትደውልልኛለህ። ተግባባን?»

«ተግባባን» አለና ፈረመ። አጥንቱን በመንጠቆ ጎትቼ ላውጣው ብትለውም ይፈርም ነበር።

መርፌው ሆዱ ላይ ተወጋ። በአስራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ አንድ ነገር ጎደለው። ቁጭ ብሎ ሲያስብ ቆየና ገባው፤ አላመመውም። ጉልበቱን በጣቱ ነካው፣ ቀጥሎ በጡጫ መታው። ደረጃውን ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ ወረደ፤ ተመልሶ ወጣ፤ እንደገና ወረደ። ሚስቱ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ለሥራ ስትወጣ ደረጃው ሥር ላብ በላብ ሆኖ አገኘችው። ወገቧን ይዞ አነሳትና ሦስት ጊዜ አዞራት። «አንተ ሰውዬ ምን ነካህ!» ብላ እየሳቀች ትከሻውን መታችው። በጋብቻቸው ስምንት ዓመት ውስጥ እንዲያ ተሸክሟት አያውቅም ነበር።

በሳምንቱ አለቃውን ወደ መሰንጠቂያው ልዛወር አለው። መሰንጠቂያው የታረደው በሬ ከሐዲዱ ላይ በኋላ እግሩ ተሰቅሎ ሲመጣ ከጭራ እስከ አንገት በመጋዝ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ነው። ከዚያ ግማሹን በትከሻ ተቀብሎ ወደ ማቀዝቀዣ መውሰድ አለ። ወለሉ በደም ያሟልጫል፤ ቦቲ ጫማ ያደረገ ጎበዝ እንኳ ይወድቅበታል። አንካሴ እዚያ ገባና የሦስት ሰው ሥራ ሠራ። ግማሽ በሬ ትከሻው ላይ ጥሎ ይሮጣል፣ ከመጋዙ መቆሚያ መድረክ ላይ ዘሎ ይወርዳል። የቆዳ ገፋፊዎቹ አለቃ «አንካሴ ሳይሆን ጦሩ ራሱ ሆነ!» ብሎ አጨበጨበለት።

ደስታው ግን ሦስት ሳምንት አልሞላም። ሕመሙ ለቀቀው፤ ክፋቱ አልለቀቀውም። እንዲያውም እግር አወጣ። ድሮ ሲናደድ የሚያደርገው ከተቀመጠበት መወርወር ነበር። አሁን ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ይደርሳል። የመጋዙ ሠራተኛ «ቀስ በል፣ ትመታኛለህ» ቢለው ኮሌታውን ይዞ ከተሰቀለ ሥጋ ጋር አላተመው፤ የሰውዬው ቅንድብ ተተረተረ። ያንን የጎረቤት ውሻ ተከታትሎ ሁለት መንደር አቋርጦ የጎድን አጥንቱን ሰበረው። ማታ ማታ እጁን ሲታጠብ ጉልበቱን ሳይሆን የጣቶቹን መጋጠሚያ ማየት ጀመረ። ሁሌ ተልጠዋል። ሰው ሁሉ እንደ ድሮው «ሕመሙ ነው» ለማለት አፉን ከፍቶ ይተወዋል፤ ምን ይበል?

ጉልበቱም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። አበጠ። ሲታጠፍ ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ ይንቋቋል። አንዳንዴ ሳያስበው ወደ ጎን ይከዳዋል። ግን አያምም። ለሁለተኛው መርፌ ሲሄድ ሰፊ ሱሪ ለበሰ፤ ዶክተሯ «እብጠት?» ስትለው «ኧረ የምን እብጠት» አላት። ጉልበቱን ልታይ ስትል ነርሷ ለሌላ ታካሚ ጠራቻት፤ አንካሴ ተመስገን ብሎ ወጣ።

አንድ እሑድ ጠዋት ገላውን ሲታጠብ ሚስቱ ፎጣ ልታቀብለው ገባች። ጉልበቱን አየችውና ፎጣው ከእጇ ወደቀ። የሕፃን ራስ ያህል ሆኗል፤ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ምንም አይደል። አያመኝም።»

«አያመኝም ማለት ምን ማለት ነው? ዶክተሯ ያለችህን እኔም ሰምቻለሁ። አሁኑኑ እደውልላታለሁ።»

«ከደወልሽ መርፌውን ታቆመዋለች።»

«ታቁመው!»

ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። አንካሴ ርጥብ እንደሆነ በሁለት እርምጃ ደረሰባት። በሕመሙ ዘመን ቢሆን እዚያ ለመድረስ ግድግዳ ይዞ እስኪነሳ እሷ ደውላ፣ ተነጋግራ፣ ስልኩን ቦታው መልሳ ነበር። በመዳፉ ጀርባ አፏን መታት። ስልኩ በረረ። እሷ ከቁም ሳጥኑ ጋር ተላተመችና ቁጭ አለች። ደሙ ከከንፈሯ በአገጯ ወርዶ የሌሊት ልብሷ ላይ ተንጠባጠበ።

አላለቀሰችም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ደሙን አየችው፤ ቀጥላ እሱን አየችው።

«ስምንት ዓመት ሙሉ ሕመሙ ነው ስል ኖርኩ» አለች። «ለካ ሕመሙ ነበር አንተን ይዞ ያኖረልኝ።»

አንካሴ እጁን አየ። ሰፊ፣ አጭር ጣት፣ አውራ ጣቱ ወደ ውጭ የተጠማዘዘ፤ የአባቱ እጅ ነው። ሱሪውን በርጥብ ገላው ላይ አጠለቀ፣ ሸሚዙን ሳይቆልፍ ወጣ። ልቡ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይዞር ነበር፦ ይኼን እጅ የሰጠኝ በሕይወት አለ።

የታላቅየው ቤት ሩቅ ነው፤ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። አንካሴ አውቶቡስ አልጠበቀም። ሮጠ። አስፋልቱን አቋርጦ፣ የባቡሩን ድልድይ ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ፣ ጉልበቱ በየእርምጃው እየተንቋቋ። ሰዎች ዞር እያሉ አዩት፤ እግሩ በአንድ ጎኑ ወደ ውስጥ እየታጠፈ የሚሮጥ ሰው አይተው አያውቁም።

ታላቅየው የሚኒባስ ሹፌር ነው። ግቢው ውስጥ መኪናውን በክሪክ አንስቶ ጎማ እየፈታ ነበር። ሁለቱ ሴት ልጆቹ ሳሙና የተሞላ ባልዲ ይዘው መስታወት ያጥባሉ። ወንድሙን የግቢው በር ላይ ሲያየው ነገሩ ወዲያው ገባው።

«ግቡ» አላቸው ልጆቹን። «ግቡና ዝጉ።»

«የት ነው ያለው?» አለ አንካሴ።

«ተኝቷል። ሽማግሌ ነው። ተው።»

«ዞር በልልኝ።»

ታላቅየው የያዘውን የጎማ መፍቻ ብረት አየው። ከዚያ አሽቀንጥሮ ከአጥሩ ማዶ ወረወረውና ባዶ እጁን የቤቱ በር ላይ ቆመ። «በብረት ደግሜ አልመታህም» አለ። «ግን አታልፍም።»

አንካሴ በግንባሩ ገጨው። የታላቅየው አፍንጫ ተሰበረ፤ ደሙ አፉን ሞላው። ሁለቱም ባልዲው ላይ ወደቁ፤ የሳሙና ውኃው ከደምና ከጭቃ ጋር ተቀላቅሎ ያንሸራትታቸው ጀመር። አንካሴ ከላይ ሆነና ጎኑን፣ ጆሮውን፣ ያገኘውን ሁሉ ደበደበው። ታላቅየው አይመታም፤ ወገቡን አቅፎ ሙጭጭ ብሏል። ይኼ ደግሞ ይበልጥ አሳበደው። ራሱን አላቅቆ ተነሳና በዚያው ባበጠው ጉልበቱ የወንድሙን ደረት መታው። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው ጉልበቱ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ደረቅ ብስኩት ተንኮታኮተ።

አልጮኸም። አንድ ሰው ከጎረቤት በር የሚያንኳኳ ያህል ነው የተሰማው። ወደ ቤቱ ለመራመድ እግሩን ሲያነሳ እግሩ አልተከተለውም፤ ከጉልበቱ በታች ያለው ወደ ውጭ ዞሮ ቀርቷል። ወደቀ። ክርኑን ተደግፎ ተነሳ። እንደገና በዚያው እግር ቆመ፣ እግሩም እንደ ርጥብ ካርቶን ታጠፈበት።

«እግርህ!» ጮኸ ታላቅየው። «አንተ፣ እግርህን እየው! እግዚኦ፣ እግርህን እየው!»

«ምን ሆነ?» አለ አንካሴና በእጁ እየዳኸ ወደ በሩ ሄደ።

ወንድሙ ተንደርድሮ ከላዩ ተኛበት። በሙሉ ክብደቱ። «አትነቃነቅ፣ በናትህ አትነቃነቅ፣ አጥንቱ ሊወጣ ነው» እያለ ራሱን በክንዱ ያዘው። አንካሴ ክንዱን ነከሰው። እንደዚያ ተያይዘው ጭቃው ውስጥ ሲያቃስቱ በሩ ተከፈተ።

አባታቸው መቃኑን በደህናው እጁ ይዞ ቆሟል። ከስቶ ፒጃማው የሌላ ሰው መስሏል፤ የተጣመመው አፉ ልጋግ ያዝረከርካል። ቁልቁል ልጆቹን አያቸው። ዐይኑ በራ።

«በለው!» አለ። «በለው! በለው እንጂ!»

ለማን እንዳለ አልታወቀም። ለማንም አልነበረም። ልጆች ሳሉ እንዲህ ያደርጋቸው ነበር፤ መሐል ወለል ላይ ያቆማቸውና ያሸነፈ ራቱን ይበላል ይላቸዋል። እነሱ ሲፋጁ እሱ ሶፋው ላይ ሆኖ ጉልበቱን እየጠፈጠፈ «በለው» ይላል። ታላቅየው ብዙ ጊዜ ሆነ ብሎ ተሸንፎ ጦሙን አድሯል።

ታላቅየው ከወንድሙ ላይ ቀስ ብሎ ተነሳ። ፊቱ ላይ ከደም በቀር ምንም አይታይም። ዓመታት ሙሉ ያጠበውን፣ ያጎረሰውን፣ ገላውን የገለበጠለትን ሰው ትክ ብሎ አየው። ጡጫውን ጨበጠና ወደ በሩ ተራመደ። ሽማግሌው አሁንም ይስቃል።

አንካሴ ከመሬት ቁርጭምጭሚቱን ያዘው።

«ልቀቀኝ።»

«ጋሼ ተው!»

«ልቀቀኝ አልኩህ!»

«ጋሼ፣ ልጆችህ በመስኮት እያዩህ ነው።»

ጋሼ ብሎ ከጠራው አስር ዓመቱ ነው። ታላቅየው ዞር ሲል ሁለቱ ልጆቹ መስታወቱ ላይ አፍንጫቸውን አጣብቀው፣ ትንሿ አፏን ይዛ አያቸው። ትከሻው ወረደ። አባቱን በብብቱ ይዞ ወደ ውስጥ መለሰው፣ አስቀመጠው፣ የክፍሉን በር ከውጭ ቆለፈበት። ከዚያ ጎማውን በሁለት ብሎን ብቻ አሰረና ወንድሙን የሚኒባሱ ወለል ላይ አስተኝቶ ወደ ሆስፒታል ነዳ። አንካሴ ጭኑን በሁለት እጁ ይዞ ኮርኒሱን እያየ ሄደ። ሕመሙ ቆይቶ መጣ፤ ግን ደብዛዛ፣ የራሱ ያልሆነ ሕመም።

ዶክተሯ የራጅ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ስንት ሳምንት አብጦ ነበር?»

«አምስት።»

«አምስት!» መነጽሯን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «የዛሬው ጠብ አይደለም የሰበረህ። አጥንቱ ቀድሞ ፈርሷል፤ አንተ ፍርስራሹ ላይ ነው የሮጥከው። ቢያምህ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ትቀመጥ ነበር።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔም ሱሪህን ጠቅልዬ ማየት ነበረብኝ። ሌሎች ሁለት ሰዎችም እንደ አንተ ሆነዋል። ሙከራው ቆሟል።»

«መርፌውስ?»

«ላንተ ቀርቷል።»

ያን ጊዜ አለቀሰ። ሚስቱን ሲመታ ያልመጣው፣ እግሩ ሲሰበር ያልመጣው ዕንባ ለመርፌው መጣ፤ አፍሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የብረት ጉልበት አስገቡለት። ሚስቱ እህቷ ዘንድ ገብታ ነበር። በአራተኛው ቀን ንጹሕ ልብስ በፌስታል ይዛ መጣች። ከንፈሯ ላይ ያለው ስፌት ገና አልወጣም። ወንበሩን ከአልጋው አራቀችና ተቀመጠች።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት።

«ሰምቻለሁ።»

«ሕመሙ ተመልሷል» አለ፣ ማሰሪያውን እያሳየ።

«እሱን አልጠየቅኩህም» አለች። «ሕመምህን ከዚህ በኋላ ለማንም አልተረጉምልህም። ራስህ ተናገር።» ልብሱን አልጋው ጫፍ ላይ አኖረችና ሄደች። ወደ ቤትም አልተመለሰችም። በየአስራ አምስት ቀኑ ትደውላለች፤ አጭር ነው የምታወራው፤ እሱም ቁጣ ሲመጣበት ስልኩን እግሩ ላይ አስቀምጦ እስኪበርድለት ይጠብቃል፤ ታውቃለች፣ ዝም ብላ ትጠብቀዋለች።

ታላቅየው አባታቸውን በዚያው ሳምንት ወደ አረጋውያን መጦሪያ ወሰደው። አልጋውን አጣጥፎ፣ ፒጃማዎቹን አጥቦ ለሠራተኞቹ ሰጠ።

የብረቱ ጉልበት በየቀኑ ካልታጠፈ ይደርቃል ተባለ። አንካሴ ብቻውን አልቻለውም፤ እስከ ስልሳ ዲግሪ ያጥፍና ይተዋል። ስለዚህ ታላቅየው ከሥራ በፊት በየጠዋቱ ይመጣ ጀመር። ወንድሙን ወለል ላይ ያስተኛዋል፣ ቁርጭምጭሚቱን በአንድ እጅ፣ ጭኑን በሌላው ይይዛል፣ ከዚያ በክብደቱ ይጫነዋል። አንካሴ በሬ እንደሚታረድ ይጮኻል። የአባቱን፣ የዶክተሯን፣ የብረቱን ሠሪ ዘር ማንዘር ይሰድባል። ታላቅየው በተጣመመው አፍንጫው እያፏጨ ይተነፍሳል፣ አይለቅም።

አንድ ጠዋት በሩ በኃይል ተደበደበ። ከላይ ፎቅ ያሉት ሴትዮ፣ ጡረተኛ መምህርት ናቸው፣ መጥበሻ በእጀታው ይዘው ቆመዋል። «ሰው እየገደላችሁ ነው እንዴ? ፖሊስ ልጠራ ነው!»

ታላቅየው ላቡን በክንዱ ጠረገ። «ኧረ እትዬ፣ ስፖርት ነው።»

ሴትዮዋ አንገታቸውን አስግገው ወለሉ ላይ ዝልፍልፍ ያለውን አንካሴን አዩት። «ምን እያረገህ ነው ይሄ ሰው?»

«ወንድሜ ነው እትዬ» አለ አንካሴ፣ ዐይኑን ሳይገልጥ። «ገና አስራ አምስት ዲግሪ ይቀረናል። በሩን ዝጉልንና ጆሮዎትን ያዙ።»